የጄኔራሉ አባት ስም

ሰኞ

አያቴን በቀይ እስክርቢቶ ሰረዙት። አንድ መስመር ብቻ ነው የፈጀባቸው። «ከአባታቸው ከአቶ ሄላሞ» የሚለውን ሰርዘው ከላዩ «ከአቶ ኤርጃቦ» ብለው ጻፉበት። «ሸክላ በመሥራት ይተዳደር ከነበረ ቤተሰብ» የሚለው ደግሞ ጭራሽ ጠፍቶ በጎኑ «ከታዋቂ አርሶ አደር ቤተሰብ» የሚል ገባ።

በቅደም ተከተል ላስቀምጠው፣ አለዚያ አይወጣልኝም።

የፊታችን ቅዳሜ እዚህ ሆሳዕና ለሜጀር ጄኔራል ማቴዎስ የክብር አቀባበል ይደረጋል። አዲስ ማዕረግ አግኝቷል። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ደሳለኝ የዱራሜ ሰው ነው፣ ወደዚህ ከተዛወረ ሁለት ዓመት አይሞላውም። አማርኛ ስለማስተምርና የምረቃ ንግግር ሁሉ እኔ ላይ ስለሚወድቅ «ቲቸር፣ የሕይወት ታሪካቸውን አንቺ ጻፊልን» አለኝ። ጄኔራሉ የእናቴ ታናሽ ወንድም መሆኑን አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም።

ለምን አልነገርኩትም? እሱን ብነግረው የእኔም ማንነት አብሮ ይወጣላ። ዘጠኝ ዓመት ሳስተምር የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኔን በትምህርት ቤቱ አንድ ሰው አላወቀም። በዚህ አገር ሸክላ ለሚሠራና ቆዳ ለሚፍቅ ሰው በሁለት ፊደል የሚጻፍ ስም አለ። እዚህ ደብተር ላይ አልጽፈውም። ቤተ ክርስቲያን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አብረውን ይዘምራሉ፤ ከዚያ ወጥተው ግን ከቤታችን ውኃ የማይጠጡ ሞልተዋል። ልጁን የሚድርልንማ ማን አለ።

ቀዩ እስክርቢቶ የአቶ ላምቤቦ ነው። የኮሚቴው አባል፣ የሟቹ የኤርጃቦ ልጅ። እናቴንም እኔንም ያውቃል፣ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ነን። «ቲቸር፣ ሰነዱ ኤርጃቦ ነው የሚለው፤ እኛ ከሰነድ አንወጣም» አለኝ ፈገግ ብሎ። ፈገግ ብሎ! እንደማልናገር ያውቃላ።

እውነትም አልተናገርኩም። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ። ከላምቤቦ ይልቅ በራሴ ነው የነደድኩት።

ማክሰኞ

ዛሬ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ተማሪዎቹን በሆነ ባልሆነው ጮኽኩባቸው። ምን አደረጉኝ? ምንም።

የማቴዎስ ስም እንዴት እንደተቀየረ ልጻፈው፣ ሌላ ቦታ የሚጽፈው የለምና። በባድመ ጊዜ ምልመላ ሲደረግ ማቴዎስ ሊመዘገብ ቀበሌ ሄደ። ከእሱ ጋር የተመዘገቡት የሰፈሩ ጎረምሶች «ከዚህ ጋር ከአንድ ትሪ አንበላም» አሉ። ለሞት ሊሄዱ ነው፣ ግን ከአንድ ትሪ አይበሉም! ሊቀመንበሩም መለሰው። ኤርጃቦ ጎረቤታችን ነበር። ደግ ሰው ነበር፣ ይህን መካድ አልችልም። ልጁ አሳዘነውና ወደ ሌላ ወረዳ ወስዶ «ልጄ ነው» ብሎ አስመዘገበው። በዚያው ማቴዎስ ኤርጃቦ ሆኖ ቀረ። ተራ ወታደር፣ ከዚያ ኮርስ ወስዶ መቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ዳርፉር ሰላም ማስከበር፣ ብርጌድ፣ ክፍለ ጦር፣ አሁን ሜጀር ጄኔራል። ሁሉም በኤርጃቦ ስም።

ሽማግሌው በደግነት ያበደረውን ስም ልጁ ላምቤቦ አሁን እንደ ርስት ይዞታል። «ወንድሜ ጄኔራሉ» ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ያኔ አንበላም ካሉት መሃል እኮ እሱም ነበረበት።

ኮሚቴው ያስገባቸው ሌሎች ነገሮች፦

«ገና በልጅነታቸው የጀግንነት ምልክት ይታይባቸው ነበር።» እማዬ እንደምትለው ውሻ ሲጮህ እሷ ቀሚስ ውስጥ ነበር የሚደበቀው።

«ክንዳቸው ላይ ያለው ጠባሳ የጦር ሜዳ ማስታወሻ ነው።» ሸክላ ሲቃጠል ፍም ላይ ወድቆ ነው። በስድስት ዓመቱ። ቅቤ የቀባችው እማዬ ናት።

«የቤተሰቡ የበኩር ልጅ ናቸው።» እማዬስ? እናታቸው ስትሞት እሱን አዝላ ያሳደገችው እሷ አይደለችም? እሱን ከጀርባዋ አውርደው እሷን ጣሏት። አልወለደችውም እንጂ እናቱ ናት፣ እነሱ ግን እህቱም እንዳትሆን አደረጓት። የእሷ መታወቂያ ዘነበች ሄላሞ ይላል፣ የእሱ ማቴዎስ ኤርጃቦ። «ምን አገናኛቸው?» ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ የማሳየው ወረቀት የለኝም።

ረቡዕ

ደወልኩለት። ሦስት ጊዜ ረዳቱ አነሳና «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለ። አራተኛው ላይ ራሱ አነሳ።

ጋሼ፣ የሄላሞን ስም ሰረዙት አልኩት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እል ነበር።

«ተዪው ምሕረት» አለኝ በመጨረሻ። «ፋይሌ ላይ ያለው እሱ ነው። በዚያ ስም ተሾምኩ፣ በዚያ ስም ቆሰልኩ። ዛሬ ሌላ አባት ሳመጣ ምን ይሉኛል? ሐሰተኛ ማስረጃ ነዋ የሚባለው።»

እማዬስ አልኩት።

«እሷ ትረዳኛለች።»

ስልኩን ዘጋሁበት። በሜጀር ጄኔራል ላይ ስልክ ዘጋሁ! ትንሽ ፈራሁ፣ ከዚያ ደስ አለኝ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

«ትረዳኛለች» ይላል። ሃያ ምናምን ዓመት ስትረዳው ኖራለች። ሊጠይቃት ሲመጣ ሲቪል ለብሶ፣ መኪናውን አስፋልቱ ላይ ትቶ፣ ጎንበስ ብሎ በጓሮ ነው የሚገባው። አንድ ብረት ለበስ ጦር የሚያዝ ሰው የአንዲት ደሳሳ ቤት በር ይፈራል። ውሻውን ሲፈራ እንደነበረው መሆኑ ነው። ሌላው ቢቀር ያኔ የሚደበቅባት እሷ ነበረች፤ አሁን የሚደብቀው እሷን ነው።

ሐሙስ

ከሰዓት ክፍል ስላልነበረኝ ወደ ትውልድ ቀበሌያችን ወደ ሀቢቾ፣ እማዬ ጋ ሄድኩ። በሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ ጄኔራሉ ያወሩ ነበር። «የእኛ ጎሳ ልጅ ነው» ይላል አንዱ። አፌ ላይ መጣ፣ ዋጥኩት። ሁልጊዜ መዋጥ።

እማዬ ግቢው ውስጥ ሣር አንጥፋ ጣባዎች እየደረደረች አገኘኋት። የሚያምሩ፣ በደንብ የተቃጠሉ፣ ከንፈራቸው ቀጭን። ገና ሳልቀመጥ «እዪ፣ ለማቴዎስ ግብዣ ነው!» አለችኝ። አንድ ነጋዴ ከሁለት ሳምንት በፊት መጥቶ አዝዟት ኖሯል። ቅዳሜ ለአታካና፣ ለባህላችን የክብር ምግብ፣ ማቅረቢያ ነው። ቡላው፣ ቅቤውና አይቡ በባህላዊ ዕቃ ይሁን ብለው ኮሚቴው ወስኗል። ነጋዴው የማን እህት እንደሆነች አያውቅም። እሷም አልነገረችው።

ጠሩሽ ወይ አልኳት፣ የጥሪ ካርድ ሰጡሽ ወይ።

«ጣባዬ ይሄድ የለ» አለችኝ።

ያን ጊዜ የተናገርኩትን መጻፍ አልፈልግም። እናትን እንደዚያ አይናገሩም። ጣባሽን ይበሉበታል፣ አንቺን ግን ከደጃቸው ያስወጡሻል፣ አንቺ ደግሞ እየሳቅሽ ታቃጥይላቸዋለሽ፣ እንዲህ እያደረግሽ ነው ያስለመድሻቸው አልኳት። ከዚህም የከፋ ብያለሁ።

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አልተቆጣችኝም። «አንቺስ ልጄ? ትምህርት ቤትሽ ውስጥ የማን ልጅ ነኝ ነው የምትዪው?»

ላም እሳት ወለደች፣ ልትልሰው ፈጃት፣ ልትተወው ልጅ ሆነባት። እሷን እንዲህ የፈጃት ማቴዎስ ብቻ አይደለም፣ እኔም ነኝ። ሳልሰናበታት ወጣሁ ማለት ይቻላል።

ዓርብ

አቶ ደሳለኝ ቢሮው ጠራኝ። የሕይወት ታሪኩን መድረክ ላይ አንቺ አንብቢው፣ ድምፅሽ ጥሩ ነው አለኝ። አልችልም ማለት ነበረብኝ። እሺ አልኩ። እዚያ መድረክ ላይ ቆሜ እውነተኛውን አነባለሁ ብዬ አሰብኩ። ሁለቱንም ወረቀት ይዣለሁ፣ የእኔንም የእነሱንም። ቀሚሴን ተኩሻለሁ።

ቅዳሜ

አነበብኩት። የእነሱን።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። መጀመሪያው ረድፍ ላይ ማቴዎስ ሙሉ የክብር ልብሱን ለብሶ ተቀምጧል፣ ቆቡ ጉልበቱ ላይ። በቀኙ ላምቤቦ። «ከአባታቸው ከአቶ» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። የማይክሮፎኑ ሹክሹክታ ይሰማኛል። ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ቆቡን አየ። የሆነ ነገር ቢያደርግ፣ ቢያንስ ቢያየኝ፣ «ሄላሞ» እል ነበር። «...ኤርጃቦ» አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ለምኑ እንዳጨበጨቡ እንጃ።

ስለ ጠባሳውም አነበብኩ። ስለ ጀግንነት ምልክቱም። አማርኛዬን አደነቁልኝ። አፌን በሳሙና መታጠብ አማረኝ።

ላምቤቦ ካባ አለበሰው፣ ጦርና ጋሻ ሰጠው፣ አቀፈው። «ወንድሜ!» እያለ አለቀሰ እኮ። እንባ አውጥቶ።

ከዚያ አታካናው ቀረበ። ከሩቅ አየሁት፤ ማቴዎስ በላና ጣባውን ባዶ ሲያደርገው ወደ ታች ገለበጠው። እማዬ ሸክላውን ሳታቃጥለው በፊት ታቹ ላይ አውራ ጣቷን ትጫናለች፤ እጇን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ጠረጴዛው ላይ ደፍቶት ረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ። ላምቤቦ በጆሮው አንድ ነገር አለው፣ ማቴዎስ ግን አልሰማውም።

እኔ ሳልሰናበት ወጣሁ። ነገ ደግሞ «የትውልድ ቦታ ጉብኝት» የሚል ፕሮግራም አለ፣ ሀቢቾ፣ በኤርጃቦ ግቢ። ችግኝ ይተከላል። እኔ አልሄድም አልኩ። ከዚያ ግን እማዬን ይቅርታ ሳልላት አላድርም አልኩና በመጨረሻው መኪና ሄድኩ። በሩን ስትከፍት «በልተሻል?» ነው ያለችኝ። ሌላ ምንም።

እሁድ

ሁሉንም ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ጠዋት የመኪኖቹን ጥሩምባ ሰማን። ኤርጃቦ ግቢ ከእኛ በሁለት አጥር ነው። ንግግር፣ ጭብጨባ፣ ዘፈን። እማዬ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ቤት ውስጥ ተቀመጠች። ቆጮ ጋግራ ጎመን ሠርታ ነበር። ማን ይመጣል ብላ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ስድስት ሰዓት ገደማ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ሲመጣ አየሁ። ማቴዎስ ከፊት፣ በደንብ ልብሱ ላይ የትናንቱን ካባ ደርቦ፣ በፊት ለፊት በር። በጓሮ አይደለም! ልቤ ዘለለ። ከኋላው ጠባቂዎቹ፣ ላምቤቦ፣ የጎሳ ሽማግሌዎች፣ አቶ ደሳለኝ፣ ግማሹ ሀቢቾ። ላምቤቦ ለሰዉ «ጎረቤት ሊሰናበቱ ነው፣ ጎረቤት» እያለ ያስረዳል።

እማዬ ከቤት ወጣች። ማቴዎስ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ። እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ አቆመችው። «ቆይ» አለችው። ገባች። ስትወጣ በእጇ የኮባ ቅጠል ይዛለች። ደጃፉ ላይ መሬት አነጠፈችውና ቆጮና ጎመን አደረገችበት።

በዚህ አገር ይህን ማንም ሰው ያውቀዋል፣ አቶ ደሳለኝም ያውቀዋል፣ ፊቱ ተለወጠ። ድሮ የእኛ ሰዎች እነሱ ቤት ሲሄዱ የሚበሉት እንዲህ ነበር፤ ከደጅ፣ መሬት ላይ፣ በቅጠል። ዕቃቸው እንዳይረክስ። ሲጨርሱ ቅጠሉን ይዘው ይሄዳሉ።

«የኤርጃቦ ልጅ ነህ ተብሏል» አለችው፣ በሀዲይኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «የኤርጃቦ ልጅ ከእኔ ዕቃ አይበላም። የእናንተ ሥርዓት ነው፣ እኔ አላመጣሁትም። ብላ።»

ላምቤቦ ተንደርድሮ መጣ። «ወይዘሮ ዘነበች! ክቡር ጄኔራል ናቸው እኮ!»

«አውቃለሁ» አለችው። «እኔ ነኝ ያሳደግኩት።»

ይህን ስትል ሰማሁ። በሕይወቴ እንዲህ በሰው ፊት ስትናገር አይቻት አላውቅም። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። አቶ ደሳለኝ ሲያየኝ «እናቴ ናት» አልኩት። ዘጠኝ ዓመት የዋጥኩት ነገር በሁለት ቃል አለቀ። እሱ ባርኔጣውን አወለቀ።

ማቴዎስ ቆቡን ለጠባቂው ሰጠ። ካባውንም አወለቀ። ኒሻኖቹ እየተንቃጨሉ መሬት ላይ ተቀመጠና በላ። በቀስታ፣ አንድ በአንድ። ፊቱን ዝቅ ስላደረገ ማልቀሱን አላየሁም፤ አለቀሰ የሚሉ አሉ፣ እኔ አላየሁም።

ግማሽ ሲደርስ ቀና አለ። «ላምቤቦ» አለ፣ ጦር በሚያዝበት ድምፅ። «ና ቁጭ በል። እንብላ።»

«እኔ... በልቼ ነው የመጣሁት ክቡር ጄኔራል።»

«ትናንት ወንድሜ ስትለኝ ነበር። ወንድም ከወንድሙ ጋር ይበላል። ና።»

«ጨጓራዬን ያመኛል» አለ ላምቤቦ። እውነት እውነት ጨጓራዬን አለ! ከመሃል አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው። ሳቁ አላስደሰተኝም። ከሳቁት መሃል አንድም ሰው አልተቀመጠማ። አቶ ደሳለኝ ብቻ ቀስ ብሎ መጥቶ ከማቴዎስ ጎን ቁጢጥ አለና አንድ ጉርሻ ወሰደ። አየሁት፤ በላ።

ሰዉ ሲበተን ማቴዎስ ቅጠሉን አጣጥፎ በእጁ ያዘ። «አሁን ልግባ?» አላት።

«የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

«የሄላሞ።»

ከበሩ ዞር አለችለት።

ሰኞ

ትምህርት ቤት ደውዬ አሞኛል አልኩ። አልዋሸሁም፣ ከንዴት የተነሳ አንገቴ ደርቋል። ሰው «አለፈ» ይላል። እኔ አላለፈልኝም። አንድ ትሪ የከለከሉት፣ ያጨበጨቡት፣ የሳቁት፣ ሁሉም ዛሬ ጠዋት «እንዴት አደራችሁ» እያሉ በደጃችን አለፉ።

ማቴዎስ እማዬ ቤት ነው ያደረው። ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ «ወረቀት አለሽ?» አለኝ። ማመልከቻ ጻፊልኝ አለ። ለመሥሪያ ቤቱ፣ የአባት ስም እንዲስተካከልልኝ፣ እንዴት እንደተመዘገብኩ ሳልደብቅ፣ የኤርጃቦም ደግነት ይጻፍ፣ የሚመጣውን ቅጣት ለመቀበል ዝግጁ ነኝ በዪበት አለ። ጻፍኩ። የመጀመሪያዬ ነው፣ ማንም ሳይሰርዝብኝ የጻፍኩት።

ሊፈርም ሲል እጁ በልማዱ ሄደና ያቺ የድሮዋ ፊርማ ወጣች፣ በኤርጃቦ ስም። አየው። ቀደደው። ሌላ ገልብጬ ሰጠሁት። አሁን ፊርማ አይደለም፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል በፊደል ነው የጻፈው፣ ምላሱን በከንፈሩ ይዞ፦ ማቴዎስ ሄላሞ።

አራት ሰዓት ላይ ተነሳ። ወረቀቱን ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎ፣ በፊት ለፊት በር ወጥቶ፣ መኪናው በራችን ላይ ቆሞ ነው የሄደው።

ያስገባዋል? አላውቅም። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሰው በመንገድ ላይ ሐሳቡን ይለውጣል። ማዕረጉን ቢገፍፉትስ? ቢከሱትስ? ደግሞ ባያስገባውስ፣ ያን ጊዜ እማዬን ምን እላታለሁ? ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል፣ እስካሁን አልደወለም።

እማዬ የተቀደደውን ወረቀት ከመሬት ለቅማ ይዛዋለች። ፊደል አትለይም። «የቱ ጋ ነው ሄላሞ የሚለው?» አለችኝ። እዚህኛው ላይ የለም እማዬ፣ እሱ የወሰደው ላይ ነው ያለው አልኳት።

«ጽፎታል ግን?»

ጽፎታል አልኳት። በእጁ። አይቻለሁ።